ስንዴ ለቀነሰ ቤት፦ የትኛው ዱቄት፣ የትኛው እሳት?

ባለቤቴ ስኳር እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ከቤታችን መጀመሪያ የወጣው ስኳር ሳይሆን ዳቦ ነው። ሻዩን ያለ ስኳር ለመደው። ያለ ዳቦ ግን ቁርስ የበላ አይመስለውም። የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ከዳቦ ቤቱ የሚመጣው ሽታ ይቀበለዋል። ያንን አልፎ ወደ ታክሲ መሄድ ለእሱ ቀላል አልነበረም።

ምን እንተካለት ብለን ስንጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነገረን። አንዱ ጤፍ ይላል፣ አንዱ አጃ፣ ሌላው ጥቁር ዳቦ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ደግሞ ከውጭ የገባ የአልሞንድ ዱቄት አየን። ዋጋውን አንብበን መልሰን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈጨሁ፣ እያቦካሁ፣ እየጋገርኩ መሞከር ጀመርኩ። እዚህ የጻፍኩት ከዚያ የተረፈኝን ነው። ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን መፍጫውንና እሳቱንም አወዳድሬአለሁ። ከከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ሦስቱም እኩል ያስቸግራሉና።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አደራ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ዳቦና እንጀራውን በአንድ ጊዜ ከቀነሰ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ራስ ያስታል። መድኃኒቱ ከምግቡ ጋር አብሮ መስተካከል ስላለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር። የኩላሊት ችግር ያለበትም እንዲሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መለኪያ የተጣራ ካርቦሃይድሬት ነው። ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱን ትወስዳላችሁ፣ ከዚያ ላይ አሰሩን፣ ማለትም ፋይበሩን ትቀንሳላችሁ። አሰር በአንጀት ተፈጭቶ ወደ ስኳር አይቀየርም። ስለዚህ ደም ውስጥ የሚገባውን የሚነግረን ቀሪው ቁጥር ነው። ተልባ 100 ግራሙ 29 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው ቢባል ያስደነግጣል፤ 27ቱ ግን አሰር ነው። የሚቀረው 2 ብቻ ነው።

ሁለተኛው መያያዝ ነው። ስንዴን ዳቦ የሚያደርገው ግሉተን ነው። ሊጡን እንደ ላስቲክ ይይዘዋል፣ አየሩንም አያስወጣውም። ሌሎቹ ዱቄቶች ይሄ የላቸውም። እንቁላል ወይም የሚያጣብቅ ነገር ካላገኙ ሲቆረጡ እንደ ብስኩት ይፈረፈራሉ።

ሦስተኛውን የውጭ አገር የምግብ አሠራር የሚጽፉ ሰዎች አያስቡትም፤ ጾም ነው። አብዛኛው ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ዳቦ በአራትና አምስት እንቁላል የቆመ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። የፍስክ ብቻ የሆነ ዳቦ ለብዙ ቤት የግማሽ ዓመት መፍትሔ ነው።

ጣዕም፣ ዋጋና የመፍጨት ችግር ይከተላሉ። ስለ ዋጋ ብር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት የሚቀጥለው ሳምንት ላይሠራ ይችላል። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ ብዬ አልፈዋለሁ።

መጀመሪያ የሚያሳስቱትን እናውጣ

ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ብረትም አሰርም አለው። ካርቦሃይድሬቱ ግን አልቀነሰም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 65 ግራም የተጣራ ካርቦሃይድሬት አለው። የፉርኖ ዱቄት ደግሞ ወደ 73። ልዩነቱ አለ፣ ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። አጃ ወደ 56 ነው። ገብስም ከጤፍ ብዙ አይርቅም። ጥቁር ዳቦ ቀስ ብሎ ይፈጫል እንጂ ያው ስንዴ ነው። ቆጮና ቡላ በአብዛኛው ስታርች ናቸው። ማር ደግሞ ስኳር ነው፤ የንብ መሆኑ ለስኳር ሕመምተኛ ልዩነት አያመጣም።

እነዚህን መብላት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። በልክ መብላትና «ይሄ እኮ አይጎዳኝም» ብሎ እንደልብ መብላት ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እኛ ቤት የተጎዳነው በሁለተኛው ነው።

ተልባ

ከሞከርኳቸው ሁሉ ለእኛ አገር ሰው የሚቀርበው ተልባ ነው ብዬ አምናለሁ። እህል በረንዳም ሆነ ሰፈር ውስጥ ያለ እህል ቤት አይጠፋም፣ ዋጋውም ይቻላል። የተጣራ ካርቦሃይድሬቱ ከሁሉም ያንሳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን የሚያዝለገልገው ፈሳሹ ነው። ተልባ በጥብጦ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ያ ዝልግልግ በሊጥ ውስጥ የግሉተኑን ሥራ ይሠራል፣ የእንቁላሉንም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ብታስቀምጡት የአንድ እንቁላልን የማያያዝ ሥራ ይተካል። እንደ እንቁላል ግን ሊጡን አያነሣውም።

ስለ ማመስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለፍትፍት ስንወቅጠው ተልባውን በደንብ እናምሰዋለን። ለዳቦ ግን ብዙ አታምሱት። በብዛት የታመሰው ዝልግልጉ ይቀንሳል፣ ቅባቱም ይመርራል። እኔ ምጣዱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ገልበጥ አድርጌ፣ መንጣጣት ሲጀምር አወጣዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን በሰፌድ አንፍሱት፣ በእጅም ልቀሙት። አፈርና ጠጠር አያጣም። በጥርስ ሲገኝ ዳቦውን ሁሉ ያስጠላል።

ድክመቱ ሽታውና ቀለሙ ነው። ዳቦው ጠቆር ይላል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ውስጡ ላይ ትንሽ የሚያጣብቅ ስሜት አለው። የመጀመሪያውን ሳወጣ አማቴ ቤት ነበሩ። ቁራሹን በጣታቸው ጫን አድርገው አዩት፣ አሸተቱት። «ልጄ፣ ዳቦ አልሽው እንጂ ይሄ እኮ የተልባ ቂጣ ነው» አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ጥቁር አዝሙድና ትንሽ ኮረሪማ ቀጥቅጠው ሰጡኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ጨምሬ ጋገርኩ። ቤቱ የድፎ ዳቦ ሽታ ሸተተ። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ሁለት ቁራሽ በላ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር አዝሙድ ሳላደርግ ተልባ ጋግሬ አላውቅም።

ሌላው ጥንቃቄ፣ ተልባ ብዙ አሰር ስላለው ያልለመደ ሆድ ይነፋል። ከትንሽ ጀምሩ፣ ውሃ ጠጡበት። ሲፈጭ ደግሞ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል። የሳምንቱን ብቻ ፈጭታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት።

ኦቾሎኒ

የተጣራው 8 ግራም ያህል ነው፤ ፕሮቲኑ 26። ጣዕሙን ሕፃን እንኳ አይገፋውም። ልጆች ላሉበት ቤት ከተልባ ጋር እኩል ለእኩል ቢደባለቅ የተልባውን ሽታ ይሸፍነዋል። ለብቻው ግን አይያያዝም። እንቁላል ወይም ተልባ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው ስለ ሻጋታ ነው። ኦቾሎኒ በእርጥበት ከተቀመጠ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚፈጥር ሻጋታ ያበቅላል። ጉበት ይጎዳል፣ መጋገርም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የተፈጨ ወይም የተከካ አትግዙ። ሙሉውን ገዝታችሁ በብርሃን ልቀሙት። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ነገር ያለበት፣ ሲቀመስ የሚመር ሁሉ ይጣል። «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትለፏት።

የፈረንጅ ሱፍ

ይሄ አበባው ትልቅ ቢጫ የሆነው ነው፤ ለፍትፍት የምንወቅጠው ነጩ ሱፍ ሌላ ነው። የተላጠውን ካገኛችሁ ለዳቦ የሚመች ለስላሳ ዱቄት ይወጣዋል። የተጣራው 11 ግራም ነው። ኦቾሎኒ ለማይስማማው ሰው የመጀመሪያው ምትክ ይሄ ነው።

አንድ ቀን ከሱፍ የጋገርኩትን ስቆርጠው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ፈዘዝ ያለ ሳይሆን የጎመን ቀለም ነው። ትላንት የተፈጨ ዱቄት በአንድ ሌሊት እንዴት ይሻግታል ብዬ ደነገጥኩ፤ ዳቦውን ሙሉውን ጣልኩት። ኋላ ላይ ስረዳ ሻጋታ አልነበረም። ሱፍ ውስጥ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለ። ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ይሆናል። አይጎዳም። ሶዳውን መቀነስና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ መጨመር ይከላከለዋል። ለእንግዳ የምትጋግሩ ከሆነ ሎሚውን አትርሱ።

ሰሊጥና የዱባ ፍሬ

ሁለቱም ለመቀላቀል እንጂ ለዋና ዱቄት አይሆኑም። ሰሊጥ ብዙ ሲሆን ይመርራል። የዱባ ፍሬ የተጣራው 5 ግራም ብቻ ነው፣ ግን መላጡ ጊዜ ይፈጃል። ዱባ በምትሠሩበት ቀን ፍሬውን አጥባችሁ አድርቃችሁ አስቀምጡት።

ሽምብራ

ሽምብራ መካከለኛ ነው። የተጣራው 47 ግራም ነው። ካርቦሃይድሬቱ ከፉርኖ ዱቄት በሲሶ ያህል ቢያንስም ዝቅተኛ ነው ማለት አይቻልም። ታዲያ ለምን አስገባሁት? ምክንያቱም በጾም ከተልባ ጋር ሲገባ ዳቦውን ያቆመዋል፣ ጣዕሙም ለምላሳችን እንግዳ አይደለም። እኛ ወዳለንበት ወደ ቢሾፍቱ መስመር ደግሞ ሽምብራ በየገበያው ነው።

ሽሮ ግን አትጠቀሙ። ሽሮ ውስጥ ቅመም፣ ጨው፣ ብዙ ጊዜም አተርና ባቄላ አለ። የሽምብራ ክክ ገዝታችሁ ለብ አድርጋችሁ አምሱት፤ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ ይጠፋል። ከዚያ ወፍጮ ቤት ውሰዱት።

ግብጦ

ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል። በዓለም ላይ ካርቦሃይድሬት የሚቀንሱ ሰዎች ሉፒን ብለው በውድ የሚገዙት ከዚሁ ዘር ነው። ፕሮቲኑ ከሽምብራ ይበልጣል፣ የተጣራው ግን ወደ 21 ግራም ነው። በእኔ እምነት ገና ያልተሠራበት ሀብት ነው።

ችግሩ መራራነቱ ነው። መራራው ነገር አልካሎይድ ነው፤ መርዛማ ነው። ግብጦ ይቀቀላል፣ ከዚያ ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ ለብዙ ቀናት ይነከራል። ምንም ምሬት እስከማይቀር ድረስ። ከዚያ ይላጣል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል። በዚህ ላይ አቋራጭ የለም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ ራሱ ትልቅ ዕዳ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሠርቼው ወደድኩት፣ ግን አዘውትሬ አልሠራውም። ኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰውም ግብጦ ሊያስነሣበት ስለሚችል ይጠንቀቅ።

የአልሞንድ ዱቄት

ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ነጭ፣ ጣዕሙ ለስላሳ፣ የተጣራው 9 ግራም ያህል። ለኬክ ከሁሉም ይሻላል። ለዕለት ዳቦ ግን ዋጋው አያዋጣም። ኦቾሎኒ በቁጥር ሲታይ አይተናነሰውም። ለልደት ኬክ አንድ ፓኬት ግዙ፣ ለቁርስ አታውሉት።

ስንዴውን ማጠብ

ይሄ ሙከራ መሥራት ለሚወድ ነው። የፉርኖ ዱቄቱን በውሃ ጠንከር አድርጋችሁ ታቦኩታላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ታስቀምጡታላችሁ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ እየጨመቃችሁ ታጥቡታላችሁ። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ የወጣው ስታርች ነው። ውሃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ ስትለውጡ እጃችሁ ላይ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ይቀራል። እሱ ግሉተን ነው። በቀጭኑ ተቆራርጦ ተልባው ውስጥ ሲገባ ዳቦውን በደንብ ያነሣዋል።

ግን ብዙ ዱቄትና ብዙ ውሃ ይበላል፤ ስታርቹም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ለግሉተን የሚታመም ሰው ደግሞ ጭራሽ አይቅረበው። ጎረቤታችሁ ከብት ካላት የታጠበበትን ውሃ ስጧት፤ አትድፉት።

በአንድ እይታ

| ዱቄት (100 ግራም) | ጠቅላላ ካርቦ. | አሰር | የተጣራ | ለብቻው ይያያዛል? | ዋጋ | ለምን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የፉርኖ ዱቄት (ለማነጻጸር) | 76 | 3 | 73 | አዎ | ርካሽ | — |
| ጤፍ (ለማነጻጸር) | 73 | 8 | 65 | በመጠኑ | መካከለኛ | — |
| ተልባ | 29 | 27 | 2 | አዎ | ርካሽ | ለዕለት ዳቦ፣ ለጾም |
| የዱባ ፍሬ | 11 | 6 | 5 | አይ | በቤት የሚገኝ | ለመቀላቀል |
| ኦቾሎኒ | 16 | 8 | 8 | አይ | መካከለኛ | ለጣዕም፣ ለልጆች |
| አልሞንድ | 22 | 13 | 9 | በእንቁላል | በጣም ውድ | ለኬክ |
| የፈረንጅ ሱፍ | 20 | 9 | 11 | አይ | መካከለኛ | ለኦቾሎኒ ምትክ |
| ሰሊጥ | 23 | 12 | 11 | አይ | ከመካከለኛ በላይ | ለመነስነስ |
| ግብጦ | 40 | 19 | 21 | በመጠኑ | ርካሽ፣ ግን አድካሚ | ፕሮቲን ለሚፈልግ |
| ሽምብራ | 58 | 11 | 47 | በመጠኑ | ርካሽ | በጾም ለመደገፍ |

ቁጥሮቹ እንደ ዘሩና እንደ መሬቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ቅደም ተከተሉ ግን በአብዛኛው አይለወጥም።

መፍጫው

ሽምብራና ግብጦ ወፍጮ ቤት ይሄዳሉ። ተልባ፣ ኦቾሎኒና ሱፍ አይሄዱም። ቅባታቸው ድንጋዩን ይደፍነዋል፣ ባለ ወፍጮውም አይቀበላችሁም። ቢቀበላችሁ እንኳ ከእናንተ በፊት የተፈጨው ስንዴ ዱቄታችሁ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ብሌንደር ወይም ሙቀጫ ነው። በብሌንደር ሲሆን ፍሬውን ማታ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ከዚያ በትንሽ በትንሹ፣ ለአምስት ሰከንድ እያበራችሁ፣ እያጠፋችሁ፣ እየነቀነቃችሁ ፍጩ። ዝም ብላችሁ ካስፈጫችሁት ይሞቅና የኦቾሎኒ ቅቤ ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ አብሮ ቢፈጭ ቅባቱን ይይዘዋል። በወንፊት ነፍታችሁ የቀረውን መልሳችሁ ፍጩት። መብራት ከጠፋ ሙቀጫና ዘነዘና አለ። ተልባን በሙቀጫ መውቀጥ ከብሌንደሩ እምብዛም አያንስም፤ ኦቾሎኒ ግን ቶሎ እንደ ቅቤ ይሆናል።

እሳቱ

እንዲህ ያለው ዳቦ ከስንዴ ዳቦ የተለየ እሳት ይፈልጋል። ላዩ ቅባት ስላለበት ቶሎ ይጠቁራል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይቆያል። የሚፈልገው መካከለኛ እሳትና ረጅም ጊዜ ነው።

ትንሹ የኤሌክትሪክ ኦቭን ካለ ከሁሉ ይቀላል። በ170 ዲግሪ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ። የኦቭኑ ቁልፍ የሚያሳየው ሙቀት ብዙ ጊዜ ትክክል ስላልሆነ ውስጡ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ብትገዙ ገንዘባችሁን ታድኑበታላችሁ።

የእንጀራው ኤሌክትሪክ ምጣድ ከአክምባሎው ጋር ለቂጣ እንጂ ለወፍራም ዳቦ አይሆንም። ከታች ብቻ ስለሚሞቅ ላዩ ጥሬ ይቀራል። ሁለት ጣት ለማይሞላ የጾም ቂጣ ግን እጅግ ጥሩ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከኦቭኑ ጋር በአንድ ሶኬት አትሰኩት።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው የምመክረው በገዛ እጅ የሚሠራውን የአሸዋ ድስት ነው። ወፍራም ድስት ውሰዱ። ሽፋን የተቀባ ወይም ስስ አይሁን። ሦስት ሣንቲ ሜትር ያህል ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ አሸዋ አስገቡበት። ላዩ ላይ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። ክዳኑን ገጥማችሁ ቡታጋዙ ላይ ለ15 ደቂቃ አሙቁት። ከዚያ የዳቦውን ዕቃ ድንጋዮቹ ላይ አስቀምጡ፣ ክዳኑ ላይ ከበድ ያለ ነገር ጫኑ፣ እሳቱን መካከለኛ አድርጉ። ለአንድ ሰዓት ያህል አትክፈቱት። ላዩ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ በምጣድ ገልብጣችሁ አምስት ደቂቃ ብታቆዩት ይስተካከላል። ጠቅላላ ወጪው ድስቱና አሸዋው ነው።

ከሰል ከላይም ከታችም የሚደረገው የድፎ ዳቦ አሠራር ለዚህም ይሠራል፤ ከላይ ያለውን ከሰል ግን ለድፎ ከምታደርጉት ግማሹን ብቻ አድርጉ። ኮባ አንጥፉ። የዘመኑን መጋገሪያ ወረቀት ከመግዛት ይሻላል፤ አይጣበቅም፣ ሽታውም ይገባል። ከሰል ግን ውጭ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኩሽና ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። የከሰል ጢስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ ይወስዳል።

ግቢ ያለው ሰው ደግሞ የጭቃ ምድጃ ሊያስብ ይችላል። ሱሉልታ ያሉ ዘመዶቻችን ሠርተዋል። ውስጡን አንድ እጅ ሸክላ አፈር በሁለት እጅ አሸዋ፣ ውጩን ጭድ ጨምሮ መምረግ ነው። በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ለክረምትም ጣሪያ ያስፈልገዋል። ሙቀቱ ግሩም ነው። ግን ለማሞቅ ሁለት ሰዓት ያህል እንጨት ይነድበታል፤ ለአንድ ዳቦ ብቻ ከሆነ ኪሳራ ነው። ሦስት አራት ቤት ተባብሮ በአንድ ቀን ቢጋግር ያዋጣል። ብየዳ ቤት በርሜል አስቆርጦ ኦቭን ማሠራትም አለ፤ ኬሚካል የነበረበት በርሜልና ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ግን ለምግብ እሳት አይሆኑም።

አንድ ነገር ልጨምር። የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይፈላል። አየሩ ስለሚሳሳ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ ሳይበስል ደግሞ ይወርዳል። የውጭ አገር አሠራር ካነበባችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ፣ ውሃውን ሁለት ማንኪያ ጨምሩ።

ሁለቱ የቤታችን ልኮች

የፍስክ፦ 150 ግራም ተልባ፣ 100 ግራም ኦቾሎኒ፣ 4 እንቁላል (የሐበሻ ዶሮ ከሆነ 6)፣ 120 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ። መታሸት አያስፈልገውም። በማንኪያ አዋሕዳችሁ 10 ደቂቃ አስቀምጡት፣ ከዚያ ጋግሩት። 12 ቁራሽ ሲወጣው አንዱ ቁራሽ የተጣራው 1 ግራም ያህል ነው። 30 ግራም የምትመዝን የፉርኖ ዳቦ ቁራሽ ወደ 14 ግራም አላት።

የጾም፦ 200 ግራም ተልባ፣ 60 ግራም የሽምብራ ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አቼቶ፣ ጨው። ከፍ ብሎ አይነሣምና በቂጣ ውፍረት ምጣድ ላይ ይሁን። 10 ቁራሽ ሲሆን አንዱ ወደ 3 ግራም ነው።

ሁለቱንም ሳይቀዘቅዙ አትቁረጧቸው። ተልባ ትኩስ እያለ ሊጥ ይመስላል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት።

አንድ እውነት ልናገር፤ ካርቦሃይድሬቱ ቀነሰ ማለት ካሎሪው ቀነሰ ማለት አይደለም። የፍስኩ ቁራሽ ወደ 140 ካሎሪ አለው። ክብደት ለመቀነስ የምትበሉት ከሆነ ቁራሹን ቁጠሩ።

ለማን የትኛው?

በጀቱ ጠበብ ላለ ቤት ተልባና ጥቂት ሽምብራ፣ በምጣድ ወይም በአሸዋ ድስት። ሌላ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ልጆች ካሉና ሁሉም ከአንድ ዳቦ እንዲበላ ከተፈለገ ተልባና ኦቾሎኒ እኩል። ኦቾሎኒ ለማይስማማው የፈረንጅ ሱፍ፣ ከሎሚ ጋር። ስኳሩን በጥብቅ ለሚቆጣጠር ሰው ሽምብራውን አውጥታችሁ ተልባውን ከፍ አድርጉ። መለኪያ ካላችሁ ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክታችሁ መዝግቡ። የሰው ሰውነት ይለያያልና የጎረቤት ምክር የእናንተን መለኪያ አይተካም። ግቢና ጉልበት ያለው፣ ውሃም የማይቸግረው ሰው ግብጦን ይሞክር። የአልሞንዱን ለልደት አቆዩት።

ለመጀመር የምታስቡ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ተልባና ጥቂት ሽምብራ ብቻ ገዝታችሁ የጾሙን ልክ በግማሽ ሞክሩት። ከወደዳችሁት ኦቾሎኒውን በሚቀጥለው ሳምንት ግዙ። የተረፈውን ዳቦ ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ባለቤቴ ማታ ሁለት ቁራሽ አውጥቶ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ሻዩ እስኪፈላ ምጣዱ ጠርዝ ላይ ይሞቃሉ።